ለጥቂት ቀን ስለሚላክ አገልጋይ

አገልግሎት ማለት የራስን ጉዳይ ለጊዜው ትቶ ለሌላ ሰው ጥቅም መድከም ነው። ድካሙ ለእግዚአብሔር ክብር ሲሆን መንፈሳዊ አገልግሎት ይባላል። ይህን ሥራ ካህኑም ሽማግሌውም ይሠራዋል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ያልደከመ ልቡም ያልቀዘቀዘ ወጣት ሲሠራው ልዩ መልክ አለው። በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማኅበሩ የሚያገለግሉ ወጣቶች በዕረፍታቸው ወራት ተሰብስበው፥ ለሳምንት ወይም ለወር ያህል ወደ ሩቅ ገጠር ሊያስተምሩና ሊረዱ ይሄዳሉ። ይህን ጉዞ አንዳንዱ ሐዋርያዊ ጉዞ፥ አንዳንዱም የአጭር ጊዜ ሚሲዮን ይለዋል። እንግዲህ ይህ ሥራ ከየት እንደ መጣ፥ መቼ ሰውን እንደሚጠቅምና መቼም እንደሚጎዳ እንመልከት።

የሥራው መሠረት በወንጌል ነው። ጌታችን ሰባ ሁለቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ ወደየመንደሩ ላካቸው። ሲልካቸውም ሥርዓት ሰጣቸው፤ ኮረጆና ከረጢት እንዳይዙ፥ በገቡበት ቤት እንዲቀመጡ እንጂ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዞሩ፥ የቀረበላቸውንም እንዲበሉ፥ በሽተኛውን እንዲፈውሱ አዘዛቸው። ደስ ብሏቸው በተመለሱ ጊዜ ግን ስለ ሠሩት ተአምር እንዳይመኩ ገሠጻቸው። እነዚህ ተልከው የተመለሱ መልእክተኞች ናቸው። ስለዚህ የአጭር ጊዜ መልእክተኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱም ከመነሻ እስከ መመለሻ በዚያ ተጽፏል።

በሀገራችንም የክርስትና መሠረት የተጣለው በወጣቶች እጅ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት ብላቴኖች በመርከብ ሲሄዱ በቀይ ባሕር ዳርቻ አደጋ ደርሶባቸው ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰዱ። ወዲያው ስብከት አልጀመሩም። አስቀድመው በንጉሡ ቤት በታማኝነት አገለገሉ፤ ቋንቋውንና ልማዱን ተማሩ፤ ሰውም አመናቸው። ኋላ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ ተመለሰ፤ ሕዝቡም ከሣቴ ብርሃን ሰላማ ብሎ ጠራው። ከዚህ የምንማረው አገልጋይ ከመናገሩ በፊት ሊታመን እንዲገባው ነው።

ስለ ሰሜን ተራሮችም የሚነገር ታሪክ አለ። የዜማው ደራሲ ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት ከአክሱም ወጥቶ ወደ ሰሜን እንደ ሄደ፥ በዚያም ለደቀ መዛሙርቱ ዜማ እያስተማረ እንደ ኖረና በዚያው እንደ ተሰወረ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስረዳል፤ በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። ያሬድ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ለመመለስ አልሄደም፤ ዕድሜውን ሰጠ እንጂ። ለሳምንት የሚሄድ ወጣት ራሱን ከእንደዚህ ያለው ሰው ጋር ሊያስተካክል አይገባውም። የእርሱ ድርሻ በዚያ ዕድሜያቸውን ሰጥተው የሚኖሩትን መምህርና ካህን ማገዝ ነው።

ከውጭ ሀገር ከመጡት መካከል ደግሞ ሳሙኤል ጎባት የተባለው የስዊስ ሰው በ1822 ዓ.ም. ከትግሬ ወደ ጎንደር ገብቶ ስድስት ወር ያህል ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረ። ሥራው ከሊቃውንትና ከሕዝብ ጋር እየተቀመጠ ስለ መጻሕፍት መነጋገር ነበረ። የሚሲዮን ትምህርትና የሀገር ትምህርት በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚያፈሩም ከይፋግ የተገኙት አለቃ ታየ ምስክር ናቸው፤ በምፅዋ አጠገብ በነበረው በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፥ የሀገራቸውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሳይተዉ፥ በ1889 ዓ.ም. የሰዋስው መጽሐፍ አሳትመዋል።

አሁን ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አድርገን እንመልከተው። ጨነቅ ከደባርቅ ከተማ በስተ ምሥራቅ፥ በሰሜን ተራሮች ውስጥ፥ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ቦታ ነው። ስሙን የሰማ ተማሪ ከጭንቀት የወጣ ይመስለው ይሆናል፤ ያለ ወፍራም ልብስ ያደረበት ሰውም እውነት ነው ሳይል አይቀርም። ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከደባርቅም በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ ይወጣል። ከዚያ በላይ የቧሂት ተራራ ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በገደሉ ላይ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ይሰማራሉ፤ ጅብራም በቅዝቃዜው መካከል ቆሞ ይታያል። ይህ አገር በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመንደሩ ሰው ግን ኑሮው ከገብስና ከበግ ነው፤ እርሻውም ዳገት ስለ ሆነ አፈሩን ጎርፍ ይወስድበታል።

ወደዚህ አገር ሊያገለግል የሚወጣ ወጣት አስቀድሞ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛው ስለ ገዛ ሰውነቱ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ከቆላ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ እንቅልፍም ያጣል። መድኃኒቱ በየመንገዱ እያደሩ ቀስ ብሎ መውጣት፥ ውኃ መጠጣት፥ ሕመሙም ከጠና ሳይዘገዩ መውረድ ነው። ይህን ሳያውቅ የሮጠ አገልጋይ በደረሰ ማግሥት ተኝቶ፥ ሊረዳው በመጣው ገበሬ ቤት ተረጂ ይሆናል።

ሁለተኛው ስለ ጊዜው ነው። የተማሪ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እነዚህ ወሮች ግን መንገዱ የሚያዳልጥባቸው፥ የገበሬውም ጎተራ የሚጎድልባቸው፥ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰባቸው ናቸው። ደጋ ሰው ደግሞ እንግዳውን ጾሙን አያሳድርም፤ ለልጆቹ ያስቀመጠውን ገብስ ቆልቶ፥ ዘር ያደረገውንም ፈጭቶ ያቀርባል። ሃያ ወጣቶች በአንድ መንደር ሰባት ቀን ቢበሉ ያ መንደር ምን እንደሚተርፈው አስቡ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጌታችን ከረጢት አትያዙ፥ የቀረበላችሁንም ብሉ ብሎ አዝዞ የለምን? እኛ ስንቅ እንያዝ ብንል ትእዛዙን ማፍረስ አይሆንምን? አይሆንም። ትእዛዙ የተሰጠው መልእክተኛው በሀብቱ እንዳይኮራ፥ የድሀውንም ማዕድ እንዳይንቅ ነው። አንድም፥ የሚጾመው ቤት እንዳይከብደው ነው፤ ከቤት ወደ ቤት መዞር የተከለከለው የተሻለ ማዕድ ፍለጋ እንዳይሆን ነውና። ስለዚህ አስተዋይ ወጣት ስንቁን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረበለትንም ጥቂት ይቀምሳል፤ የራሱንም አውጥቶ ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል። እንዲህ ካደረገ ትእዛዙንም ጠበቀ፥ የድሀውንም ልጅ አላስራበም።

ቀጥሎ ስለ ሥራው እንናገር። አንድ ማኅበር ከከተማ ልብስና ደብተር ሰብስቦ ወጣ እንበል። በመንደሩ አደባባይ ቆመው ልጆቹን ጠርተው አደሉ። ከመቶው ልጅ ሠላሳው አገኘ፤ ሰባው አለቀሰ። አባቶችም ልጆቻቸው ከእንግዳ እጅ ሲለምኑ ቆመው አዩ። በማግሥቱ ወጣቶቹ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ቀለም ቀቡ፤ በመንደሩ ያለ ግንበኛና ቀለም ቀቢ ግን ሥራ ፈትቶ ተመለከታቸው። ሲሄዱም እየተሳሳሙ በሚመጣው ዓመት እንመለሳለን ብለው ቃል ሰጡ፤ አልተመለሱም። እነዚህ ወጣቶች ክፉ አላሰቡም፤ ልባቸው ቅን ነው። ነገር ግን በሄዱበት መንደር ልጆቹ መለመን ተማሩ፤ ወላጆቹ አፈሩ፤ ከቃላቸውም የተነሣ የወንጌል ስም ቀለለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ሌላ ማኅበር ደግሞ አስቀድሞ ሁለት ሰው ላከ እንበል። ሁለቱ የደብሩን አለቃ፥ የትምህርት ቤቱን መምህርና የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠየቁ፤ ምን ቸገራችሁ፥ እኛስ ከዚህ ውስጥ ምን ልንሠራ እንችላለን አሉ። ሽማግሌዎቹም ልጆቻችን ንባብና ሒሳብ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ የአንዲት መበለት ቤት ክዳንም ፈርሷል አሉ። ማኅበሩ የጉዞውን ወጪ አሰበ፤ ሃያ ሰው ከሚሄድ ስድስት ሰው ሄዶ በቀረው ገንዘብ መጽሐፍ ቢገዛ እንደሚሻል አየ። ስድስቱም ሄደው ከመምህሩ በታች ሆነው አስተማሩ፤ የመበለቲቱን ቤት ከመንደሩ ጎበዞች ጋር በደቦ ከደኑ። ልብስ የያዙትንም ለሽማግሌዎቹ አስረከቡ፤ እነርሱም ማን እንደ ተራቆተ ያውቃሉና በስውር ሰጡ። ቃልም አልሰጡም፤ በየዓመቱ ግን ሁለት ሰው ይልካሉ። የሁለተኛው ማኅበር ሥራ ለዓይን ያነሰ ይመስላል፤ የሚተርፈው ግን እርሱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስለ ጤናም እንዲሁ ነው። ትራኮማ የተባለው ዓይንን የሚያሳውር ሕመም በአማራ ክልል ብዙ ሰው የሚያጠቃ ነው፤ ፊትን በንጹሕ ውኃ መታጠብም ከሚከላከሉት ነገሮች አንዱ ነው። ወጣቱ ሐኪም አይደለምና መድኃኒት አያድል፤ ነገር ግን ከቀበሌው የጤና ሠራተኛ ጋር ተማክሮ ሕፃናቱን ፊታቸውን መታጠብ ቢያስለምዳቸው፥ እርሱ ከሄደ በኋላም ሥራው ይቀጥላል።

የኀዘን ጊዜ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ በደባርቅም ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ተጠለሉ። በዳባት አቅራቢያ በዓለምዋጭም ለኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተሠርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጁን ለቀበረ ሰው ትምህርት ይዞ መሮጥ አይገባም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በአጠገቡ በምድር በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ለቅሶ መድረስ፥ ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መልቀም፥ ስም ጽፎ የጠፋ ዘመድ ማፈላለግ በእንዲህ ያለ ቀን ከስብከት ይበልጣል። የማኅበሩም አለቃ የመንገዱን ሰላም ሳያረጋግጥ ልጆችን ይዞ አይነሣ፤ የሰውን ልጅ ለአደጋ ማጋለጥ እምነት አይባልም።

በሀገራችን ወጣቶችን ወደ ገጠር የመላክ ልማድ በመንግሥትም በኩል ታይቷል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ፤ ብዙዎቹም አስተማሪዎች ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ መሠረተ ትምህርት ተጀምሮ ብዙ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ ተማረ። በእነዚህ ዘመቻዎች ብዙ ፍሬ ታይቷል፤ ሳይወድ የሄደም ነበረ። መንፈሳዊ አገልግሎት ግን በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ በትእዛዝ የሄደውን ወጣት መንግሥት ይጠይቀዋል፤ በፈቃዱ የሄደውን ግን ሕሊናው ይጠይቀዋል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል ሄዶ ብርዱና ረኀቡ ከብዶት በመንገድ የሚመለስ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ተስፋ አይቍረጥ። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ በወጣትነቱ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ተልኮ ሳለ፥ በጵንፍልያ ባለችው በጴርጌን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ኋላ በርናባስ ዳግመኛ እንውሰደው ቢል ጳውሎስ እንቢ አለ፤ ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ተለያዩ። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ ማርቆስን አምጡልኝ፥ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ብሎ ላከ። ሀገራችንም ለብዙ ዘመን ጳጳሳቷን የተቀበለችው ከእስክንድርያ፥ ከዚያው ከማርቆስ መንበር ነው። በርናባስ ያን ብላቴና ቢጥለው ኖሮ ምን ይቀርብን እንደ ነበረ አስቡ። ስለዚህ ታላላቆች የደከመውን ወጣት በአንድ ጉድለት አይጣሉት።

በመጨረሻም ከአገልግሎት የተመለሰ ወጣት ምን ያድርግ? ያየውን ችግር እንደ ተረት እያወራ አይመካ፤ የድሀውንም ሥዕል እያሳየ አይመሰገንበት። ይልቁንም ዓይኑን ወደ ገዛ ሰፈሩ ይመልስ። በ2008 ዓ.ም. የጊጭ መንደር ሰዎች ከተራራው ተነሥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። እንግዲህ የደባርቅ ወጣት ወደ ጨነቅ ከመውጣቱ በፊት፥ ከተራራው ወርዶ በጎረቤቱ የሰፈረውን ሰው ስሙን ያውቃልን? ልጁስ ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር ሲማር አስጠንቶታልን? ለጎረቤቱ ያልተላከ ሰው ለሩቅ አገር መልእክተኛ ሊሆን አይችልም።

ልጆች ሆይ፥ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። አንድ ወጣት ብቻውን ተራራውን ሁሉ ሊያገለግል አይችልም፤ እግዚአብሔርም ይህን አልጠየቀውም። የተጠየቀው ሲላክ ጠይቆ እንዲሄድ፥ ሲደርስ እንዲታዘዝ፥ ሲናገር እንዲያጥር፥ ሲመለስም ቃሉን እንዲጠብቅ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሰባት ቀን ብቻ ቢያገለግልም የሰባት ቀኑ ሥራ በመንደሩ ይኖራል።