የእንጨት ቤት አጽም ሥራን በተግባር ለመማር የሥልጠና ቦታ አመራረጥ፦ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ነባሩ ቤት የሚቆመው በእንጨት ነው፤ ጭቃው የሚመረገው፣ ክዳኑም የሚከደነው አጽሙ ከጸና በኋላ ነው። ይህን ሥራ በእጁ ሊማር የሚሻ የሥነ ሕንፃ ወይም የቅርስ ጥበቃ ተማሪ ከሰከላ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ቢጓዝ በዋናነት ሁለት ዓይነት መምህር ያገኛል፤ አንዱ ያለውን ሌላው አያሟላም።

የከተማው አናጢ በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር ሲሠራ ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያን በመሮ ይፈለፍላል። እጁ ልክ ያውቃል፤ የሚሠራው ግን ቀጥ ብሎ በተሰነጠቀና በተላገ ጣውላ ነው። የገጠሩ ቤት ሠሪ ደግሞ ምሰሶ መትከልን፣ ወጋግራ ማቆምንና ማገር መማገርን ያውቃል፤ መጋጠሚያውን ግን ቀድሞ በልጥና በጠፍር ያስር ነበር፣ ዛሬ በምስማር ይመታል። መደበኛው ትምህርትም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከመነሻው የእንጨት ቴክኖሎጂን ያስተምር ነበር።

ምርጫውን የሚወስነው በቅድሚያ እንጨቱ ነው። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ክብ፣ ጠማማና እርጥብ ሆኖ ለሥራ ይቀርባል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። በእርጥቡ የተፈለፈለ መጋጠሚያ ሲደርቅ ይላላል። ስለዚህ አሠልጣኙ የዛሬውን ሥራ ብቻ ሳይሆን ከዓመት በፊት የሠራውን እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠማማ እንጨትን ከጠማማ ጋር ማጋጠም የራሱ ስልት አለው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርስነት የመዘገበው የፈረንሳይ አናጢዎች ዘዴ እያንዳንዱን እንጨት እንደ ተፈጥሮው መሬት ላይ ከተሠመረ ንድፍ ጋር እያስተያየ ይለካል። ለባሕር ዛፍ ከጣውላ ልክ ይልቅ ይህ አስተሳሰብ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መመዘኛ ሥልጠናው ሙሉ አጽም እስከ ማቆም መድረሱ ነው። የክብ ቤትም ሆነ የክብ ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ጣሪያ ክብደት ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግፊቱን የሚይዘው እንደ በርሜል ቀለበት ዙሪያውን የታሰረው ማገር ነው። ይህን በወረቀት መረዳት ቀላል ነው፤ ማሰሪያው ሲላላ ግድግዳው እንዴት እንደሚያጋድል ግን በእጅ ካልተሞከረ አይጨበጥም። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ደግሞ ክብደቱ ቀንሶ የነፋስ ማንሣት ያይላል፤ ጣሪያውን ከቋሚው ጋር የሚያያዘው መጋጠሚያ ወደ ላይ የሚጎትት ኃይልን መቋቋም ይኖርበታል። ይህን ሳያውቅ የነባር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ጥገናን የሚመራ ባለሙያ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

የሥልጠናው ርዝመት፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የመሣሪያው አዲስነት ከዚህ በታች ይመጣሉ። ተማሪው በቀን ስንት ሰዓት መሮና መጥረቢያ እንደሚጨብጥ፣ ለአንድ አሠልጣኝ ስንት ሰው እንደሚደርስ መጠየቅ የበለጠ ይጠቅማል።

የቅርስ ጥበቃ ተማሪ ሁለቱን መምህራን በተከታታይ ቢይዝ ይመረጣል፦ በመጀመሪያ መጋጠሚያውን ከአናጢው፣ ቀጥሎ ማቆሙን ከቤት ሠሪው። አሮጌ ቤት የሚፈርስበት ወቅት ከተገኘ ግን ሁሉንም ትቶ እዚያ መገኘት ይበጃል፤ ምስጥ ከየት እንደ ጀመረ፣ የትኛው ማሰሪያ እንደ ጸና፣ የቋሚው ሥር ስንት ስንዝር ከመሬት በላይ እንደ በሰበሰ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።