ግዴታና ክብር፦ ወታደራዊ ሥልጠና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች



እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለየግዛቶቹ የፌዴራል መሬት ሲሰጥ፣ በገቢው የሚቋቋሙት ኮሌጆች ከእርሻና ከሜካኒካል ሙያ ጋር ወታደራዊ ስልትንም እንዲያስተምሩ አዘዘ። ትምህርቱ ይሰጥ አለ እንጂ ተማሪው ሁሉ ይሠልጥን አላለም። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ በ1916 በሕግ ከተቋቋመ በኋላ፣ የዊስከንሲን ግዛት በ1923 ሥልጠናውን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አደረገ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን በግዴታው ጸና። በእምነታችን ምክንያት አንሠለጥንም ያሉ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1934 ፈረደባቸው። ዩኒቨርሲቲ ግቡ ብሎ ያስገደዳቸው የለም፣ ነው ነገሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብቸኛ ዕድሉ ለሆነ የድሀ ልጅ ግን ይህ ምርጫ፣ በእኔ እይታ፣ ከስሙ ያለፈ አልነበረም።

የክብር ማኅበራቱ አመጣጥ ከዚህ ይለያል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ጦር በአውሮፓ የመራው ጆን ፐርሺንግ፣ በ1891 የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የወታደራዊ ሳይንስ መምህር ሆኖ ተመደበ። መርጦ ያሠለጠናቸው ተማሪዎች በ1892 ኦማሃ ላይ በተደረገ የሰልፍ ውድድር አሸነፉ፤ ከእነርሱ የተወለደው ማኅበርም ኋላ ፐርሺንግ ራይፍልስ ተባለ። ጠመንጃው ያው፣ ሰልፉም ያው ነው፤ አባላቱ ግን ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጡት ወደውና ተመርጠው ነበር። በ1960ዎቹ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግዴታውን ሲያነሡ ማኅበሩ አልፈረሰም፤ ዛሬም አባላቱ በሰልፍ ውድድር ይገናኛሉ።