ቤት የሌለው ሰው ከመዝገብ ውጭ እንዳይቀር

የጎዳና ተዳዳሪነት ጉዳይ ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰቡት አዲስ አበባና ሌሎች ታላላቅ ከተሞች ናቸው። ይሁንና የብዙዎቹ ጉዞ የሚጀምረው ከገጠር ቀበሌዎች ሲሆን፣ በየመንገዱ ዳር በሚገኙ አነስተኛ ከተሞችም ያልፋል። በመሆኑም የመከላከሉም ሆነ መልሶ የማቋቋሙ ኃላፊነት በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ ይመለከታል።

በጋሞ ዞን የሚገኘው ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ለዚህ አንዱ ማሳያ ነው። ወረዳው በዓባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ከተማው ብርብር ወላይታ ሶዶን ከአርባ ምንጭ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከበላዩ የእርሻ መሬት የጠበበበትና የሕዝቡ ብዛት ከፍተኛ የሆነበት የጋሞ ደጋ አለ። በቆላው ደግሞ ሙዝ፣ ማንጎና በቆሎ ይመረታል። ከደጋው ወርዶ የቀን ሥራ መፈለግም ሆነ በዚሁ መንገድ ወደ ሩቅ ከተሞች መሄድ ለአካባቢው ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም።

በተለይም ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ፍልሰት ከሽመና ሥራ ጋር የተያያዘ ረዥም ታሪክ አለው። ሽሮ ሜዳ በዚሁ ሙያ የታወቀ ሰፈር ነው። ሙያው ለብዙ ቤተሰቦች የእንጀራ ምንጭ የመሆኑን ያህል፣ «እናስተምራቸዋለን» በሚል ተስፋ ከወላጆቻቸው የተወሰዱ ሕፃናት ለጉልበት ብዝበዛ የተዳረጉበት ሁኔታም ታይቷል። ከእነዚህም መካከል ከአሠሪዎቻቸው አምልጠው ጎዳና ላይ የወደቁ ይገኙበታል። በሰው የመነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በአገር ውስጥ የሚፈጸመውንም ድርጊት ስለሚያካትት፣ ጉዳዩ የሕግ አስከባሪ አካላትም ሥራ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብአዊ ክብሩ የመከበር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት ተሰጥቷቸዋል። አንቀጽ 41 በበኩሉ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። ከእነዚህ መብቶች አንዱም ቤት ላለው ብቻ ተብሎ አልተወሰነም።

በተግባር ግን የአገልግሎት አሰጣጡ በአብዛኛው ቤትን መሠረት ያደረገ ነው። የቀበሌ መታወቂያ አድራሻን ይጠይቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባልነት በቤተሰብ የሚመዘገብ ሲሆን፣ መክፈል የማይችሉ ወገኖችም የሚለዩት በሚኖሩበት ቀበሌ በኩል ነው። የወባ መከላከያ አጎበርም የሚታደለው በቤተሰብ ነው። የዓባያ ሐይቅ አካባቢ የወባ በሽታ የሚበረታበት ቆላ በመሆኑ፣ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ለትንኝ የተጋለጠ ሆኖ ሳለ አጎበሩ ግን አይደርሰውም። ይህ ሰው የሚጎዳው ማንም ሊጎዳው ስላሰበ ሳይሆን፣ ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ርኅራኄ በመንግሥት ሥራ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ርኅራኄ በግል ሳንቲም ከመስጠት ይሰፋል። የሰውየውን ስም መጠየቅ፣ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ማዳመጥና ጉዳዩን እስከ መጨረሻው መከታተል የሥራው አካል ነው። ጎዳና ላይ የሚገኙ ሰዎች አንድ ዓይነት አለመሆናቸውም የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ቀን ሠርቶ ማታ ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ሕፃን፣ ከቤት የተባረረች ወጣት፣ ጧሪ ያጡ አረጋዊ እና የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚያስፈልጋቸው እርዳታ የተለያየ ነው። ሁሉንም በአንድ ተሽከርካሪ ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ማሻገር ችግሩን ለጎረቤት ወረዳ ከማስተላለፍ የዘለለ ውጤት የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጠቅላላ ማብራሪያ ቁጥር 21 ሕፃናትን ከጎዳና በዘፈቀደ ማፈስን በመንቀፍ፣ በሚወሰንላቸው ጉዳይ ሁሉ ራሳቸው እንዲደመጡ አሳስቧል።

በአገራችን የዚህ አቀራረብ ውጤት ታይቷል። በቢኒያም በለጠ አማካይነት በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» በሚል መርሕ የወደቁትን ከጎዳና እያነሳ ሲያጥብ፣ ሲያለብስና ሲያስታምም ቆይቷል። የማዕከሉ ሥራ ሲጀመር የተነሳው ከአንድ መኖሪያ ቤት ነው።

የጋሞ ሕዝብም ለዚህ ሥራ የሚሆን የራሱ ሀብት አለው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው በደረሰው ጥቃት ሰዎች ሲገደሉና ብዙዎች ከቤት ንብረታቸው ሲፈናቀሉ፣ ከተጎጂዎቹ መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩበት። የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ለተፈናቃዮቹ ምግብና ልብስ ይዘው ደረሱላቸው። በአርባ ምንጭ ደግሞ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው በተቆጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው በመለመን በቀል እንዳይፈጸም አድርገዋል። ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹን ያረጋጉት ፊት ለፊት ቀርበው፣ እንደ ልጆቻቸው በማነጋገር ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበት ዱቡሻ እና የየሰፈሩ ዕድር ከጎዳና የሚመለስን ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ለማስታረቅ፣ ለብቸኛ አረጋዊም ጎረቤት ለመፈለግ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ሕፃኑን ወደ ቤተሰቡ መመለስ ግን የመሳፈሪያ ገንዘብ በመስጠት የሚያበቃ አይደለም። ከቤት ያስወጣው ምክንያት ድህነትም ይሁን ዱላ ካልተፈታ፣ ሕፃኑ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይሄዳል። በመሆኑም የላከው ከተማ ባለሙያ ለተቀባዩ ቀበሌ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ትምህርት ቤቱ መቀበሉን ማረጋገጥ፣ ከወራት በኋላም ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይጠበቅበታል። ወላጅ የሌለው ከሆነ ኃላፊነት የሚወስድ ዘመድ ማፈላለግ ያሻል።

እነዚህ ተግባራት በአብዛኛው ተጨማሪ በጀት ከመጠየቅ ይልቅ አሠራርን ማስተካከልን ይፈልጋሉ። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው የሚመዘገብበትን መንገድ መወሰን፣ ለጤና ጣቢያው የሚጽፍለትን ባለሙያ መመደብና አጎበር ሲታደል በረንዳ ላይ የሚያድሩትም በምን መልክ እንደሚጠበቁ አስቀድሞ ማቀድ የወረዳ አመራሩ የዕለት ተዕለት ሥልጣን ነው። ጉዳዩን የሚከታተለው ሠራተኛ ማንነት ካልታወቀ ግን ሰውየው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆይቶ ወደነበረበት በረንዳ መመለሱ አይቀርም።