ለነጋዴ የቤት ኮምፒዩተር የሚሆን ፀረ ቫይረስ አመራረጥ

በመሐል ሜዳ ገበያ በግ፣ ገብስና የመንዝ ባና የሚነግዱ፣ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባም ሸቀጥ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ቀድሞ በደብተር ይጽፉት የነበረውን የዱቤና የዕቃ መዝገብ ዛሬ አንዳንዶቹ በቤታቸው ኮምፒዩተር ይይዙታል። ደብተር ከአይጥና ከእሳት እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ ይህም መዝገብ ቫይረስ ከሚባለው አጥፊ ፕሮግራም መጠበቅ ይገባዋል። መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ማስረጃ አይቀርለትምና።

ቫይረስ ወደ ቤት የሚገባው በአብዛኛው በሁለት በር ነው። አንደኛው ፍላሽ ነው። ደረሰኝ ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የተመለሰ ፍላሽ ፋይሎቹ ተሰውረው በምትካቸው አቋራጭ ምልክት ብቻ ሊታይበት ይችላል፤ ምልክቱን የከፈተም ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣዋል። ሁለተኛው በር ኢንተርኔት ሲሆን፣ በእርሱ ከማይታወቅ ሰው የተላከ ፋይልና ፈቃዱ ተሰብሮ የሚታደል ፕሮግራም ይገባበታል።

ፀረ ቫይረስ የሚሠራው በዋናነት የታወቁ ቫይረሶችን መለያ በዝርዝር ይዞ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ያረጀበት ፀረ ቫይረስ የአዲሱን ሌባ መልክ እንደማያውቅ ዘበኛ ይቆጠራል። ኮምፒዩተሩ ራሱም መታደስ አለበት። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች ተሠራጭቶ፣ ፋይል እየቆለፈ ለመክፈቻው 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ በመጋቢት 5 ቀን አውጥቶ ስለ ነበር፣ በይበልጥ የተጎዱት በጊዜው ያላደሱት ናቸው።

ስለ ምርጫው የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

1ኛ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የተባለውን ፀረ ቫይረስ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይዘው ይመጣሉ፤ ለተራ የሱቅ ሥራ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሆኖም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማሳደግ ይሻላል።

2ኛ፤ ሌላ ለመግዛት የሚፈልግ ከሻጩ ማስታወቂያ ይልቅ በጀርመን አገር ያለው ኤቪ ቴስት፣ በኦስትሪያም ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ የሚያወጡትን የፈተና ውጤት ይመልከት።

3ኛ፤ በነጻ የሚሰጠውም ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ የደንበኞችን የኢንተርኔት አጠቃቀም መረጃ ሸጧል ሲል በአቫስት ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በ2016 ዓ.ም. ተወስኗል።

4ኛ፤ ሁለት ፀረ ቫይረስ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አብረው ከተጫኑ እርስ በርስ ይሰናከላሉ፤ ሥራውንም ያዘገያሉ።

5ኛ፤ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አይዘነጋም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቅመው፣ የመለያ ዝርዝሩ በሌላ ቦታ ወርዶ በንጹሕ ፍላሽ ሊጫን የሚችለው ፀረ ቫይረስ ነው። ለዲፌንደር ይህ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ፍጹም ዘበኛ የለምና፣ ነጋዴው በየሳምንቱ የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ዲስክ ያኑር፤ ዲስኩንም ከኮምፒዩተሩ ነቅሎ ያስቀምጥ። ሳይነቀል የቀረውን ዲስክ ቫይረሱ ከዋናው መዝገብ ጋር አብሮ ሊቆልፈው ይችላል።