የኤኒዮ ፍላያኖ ሣቅና ክስ

ጣሊያናዊው ኤኒዮ ፍላያኖ (1910–1972 እ.ኤ.አ.) በይበልጥ የሚታወቀው በፊልም ጽሑፍ ደራሲነቱ ነው። ከሌሎች ጋር በጻፈው «ፖሊስና ሌባ» (1951) በተሰኘ ኮሜዲ፣ ሌባው ያዘነለትን ፖሊስ ገፋፍቶ በራሱ እግር ወደ እስር ቤት ይሄዳል።

ፍላያኖ በ1935–36ቱ ወረራ በመኮንንነት ኢትዮጵያ ዘምቶ ነበር። በ1947 የመጀመሪያውን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘው «የመግደያ ጊዜ» የተሰኘው ልቦለዱም መቼቱ ይኸው ጦርነት ነው። አንድ ጣሊያናዊ መቶ አለቃ ሳያስብ በጥይት ያቆሰላትን ኢትዮጵያዊት ሴት ይገድላታል፤ በሥጋ ደዌ ተይዣለሁ እያለ ሲባዝን ቆይቶም ከሳሽ ስላልተገኘ ወደ አገሩ ለመመለስ ይሰናዳል።

እንግዲህ በኮሜዲው ትንሹ ሌባ ይታሰራል፤ በልቦለዱ ነፍሰ ገዳዩ ያመልጣል። ደራሲው ወራሪውን የከሰሰው በዚህ ምፀት ነው። ይሁን እንጂ ተራኪው ገዳዩ ራሱ በመሆኑ የሟቿ ድምፅ አይሰማም። የልቦለዱ ኃይልም ጉድለትም የሚመነጨው ከዚሁ የአንጻር ምርጫ ነው።