አንዲት ‹ር›፣ ሁለት ጆሮ

በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ዊሊያም ላቦቭ የሚባል የሥነ ልሳን ተመራማሪ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ትልቅ መደብር ገባና ሻጯን «የሴቶች ጫማ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። አራተኛ ፎቅ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። «ፎርዝ ፍሎር» አለችው። ያልሰማ መስሎ «ይቅርታ?» ሲላት ጠንቀቅ ብላ ደገመችለት። አመስግኗት ዞር አለና ሻጯ በማታየው ጥግ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። የጻፈው ስለ ጫማ አልነበረም። በሁለቱ ቃላት ውስጥ ያለችውን ‹ር› ጠርታት ይሆን ወይስ ውጣት?

በሦስት መደብሮች እንዲህ እያለ 264 ሻጮችንና ሠራተኞችን ሰማ። ሀብታም በሚገበይበት በሳክስ ከመቶ 62ቱ ‹ር›ን ሁልጊዜም ባይሆን አንዳንዴ ጠሯት። በመካከለኛው በሜሲስ 51 ሆኑ፤ ዋጋው ርካሽ በሆነው በክላይን ግን 20 ብቻ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የሜሲሶቹ ነገር ነው። ሲደግሙት ‹ር› በረከተች። አንደበታቸው የለመደውና ጆሯቸው «ትክክል» ብሎ የያዘው የተለያዩ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። እንግሊዝ ውስጥ ፍርዱ ተገላቢጦሽ ነው። ‹ር›ን ዋጥ የሚያደርገው የተከበረው የለንደን አነጋገር ነው፤ እንደ ኒውዮርኩ ሀብታም መደብር ጥርት አድርጎ የሚጠራት ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ገበሬ። የዶርሴቱ ተወላጅ ተዋናይ ሮበርት ኒውተን በ1950 በወጣው «ትሬዠር አይላንድ» ፊልም ላይ የባሕር ወንበዴ ሆኖ ሲሠራ ይህንኑ የአካባቢውን ‹ር› እያጎላ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ዓለም የወንበዴ አነጋገር ብሎ የሚያውቀው ይህንን ነው። ድምፁ ያው ድምፅ ሆኖ ሳለ ኒውዮርክ ላይ ሹም፣ ዶርሴት ላይ ባላገር ይሆናል።

ታሪኩን ስናይ ደግሞ ጥንት ‹ር› በመላው እንግሊዝ ትጠራ ነበር። ለንደን መዋጥ የጀመረችው ቆይታ ነው፤ ልማዱም የጸናው በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። እንግሊዝኛን ከፊደሉ ላይ ተምሮ «ካር» ሲል መጨረሻዋን የሚጠራ የእኛ አገር ተማሪ በዚህች ነገር ከዛሬው የለንደን ዜና አንባቢ ይልቅ ለሼክስፒር ዘመን ይቀርባል።

የእንግሊዝ ሰሜኖቹም እንዲሁ ናቸው። የለንደን ሰው «ካፕ» የሚለውን ስኒ የሊድስ ሰው «ኩፕ» ይለዋል። ደቡቡ ይህን እንደ ስህተት ይሰማዋል፤ ነገር ግን አሮጌው «ኩፕ» ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ድምፁን ለሁለት ከፍሎ አዲስ ያመጣው ደቡቡ ነው፤ ሰሜኑ በያዘው ጸና። ቃላቱም ረጅም ዕድሜ አላቸው። ዮርክሻየር ውስጥ ጅረት «ቤክ» ሲባል፣ መጫወት «ሌክ» ሲባል የሚሰማው በ9ኛው መቶ ዘመን መጥተው የሰፈሩት የቫይኪንጎች ቋንቋ ነው። ሊቃውንት መዝገብ አገላብጠው የሚፈልጉትን ቅርስ የመንደር ልጅ ሜዳ ላይ ይጠራዋል፤ አስተማሪ ደግሞ «በደንብ ተናገር» ብሎ ያርመዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1941፣ ቢቢሲ የዮርክሻየሯ ሃሊፋክስ ተወላጅ የሆነውን ዊልፍሬድ ፒክልስን አገር አቀፍ ዜና እንዲያነብ አመጣው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጀርመኖች የቢቢሲን አንባቢ አስመስለው የሐሰት ዜና እንዳያሰራጩ ማስቸገር ነበር። ፒክልስ ዜናውን ሲጨርስ በዮርክሻየር ወግ «ጉድ ኒት» ብሎ አድማጩን ተሰናበተ። «ኒት»ም «ናይት» ከመባሉ በፊት የነበረውን አናባቢ የያዘ ጥንታዊ አጠራር ነው። ብዙ አድማጮች ግን ቅር ተሰኙ፤ እንዲህ ባለ አንደበት የሚነገር ዜና እንዴት ይታመናል አሉ።

ይህ ስሜት ከየት እንደሚመጣ ሃዋርድ ጋይልስ የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ፈትሾታል። አንድ ሰው ለአንዱ የተማሪዎች ቡድን በተከበረው አነጋገር፣ ለሌላው በበርሚንግሃም ዘዬ ስለ አንድ ጉዳይ አወራላቸው። ሰውዬው አንድ ነው፤ የተናገረውም አንድ ነው። ስለ ብልህነቱ ሲጠየቁ ግን በበርሚንግሃም ዘዬ የሰሙት ዝቅ ያለ ግምት ሰጡት።

«ምናልባት የበርሚንግሃም ድምፅ በተፈጥሮው ለጆሮ አይጥም ይሆናል» የሚል ይኖራል። ጋይልስና ባልደረቦቹ ለዚህም መልስ ፈለጉ፤ ውጤቱን በ1974 አሳተሙት። ግሪኮች የአቴናን አነጋገር ያከብራሉ፤ የቀርጤስን ደሴት የገጠር ይሉታል። ሁለቱንም ግሪክኛ ለማያውቁ የብሪታንያ ተማሪዎች አሰሟቸውና የትኛው እንደሚያምር፣ የትኛው የተከበረ ሰው እንደሚመስል ጠየቋቸው። ተማሪዎቹ አንዱን ከሌላው አላስበለጡም። ለነሱ ቀርጤስ ገጠር አልነበረችማ።