ሰገራ የሚያመልጣት እናትና ሶላቷ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን እያለ ስሙ የማይጠራ ነው፤ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል።

ጫጫ ላይ አንዲት እናት ይህ ቢገጥማት ለማን ትነግራለች? ብዙ ጊዜ ለማንም። መጀመሪያ ሠርግና ለቅሶ መሄድ ትተዋለች፤ ቀጥሎ ምግብ ትቀንሳለች፤ በመጨረሻም «ጦሃራ የለኝም» ብላ ሶላቷን ታቆማለች። ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ ሸሪዓው እንዲህ አላላትምና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደም አላቋርጥ ያላትን ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽን ለየሶላቱ ዉዱእ እያደረገች እንድትሰግድ አዘዋታል። ዑለማዎች ሽንትና ሰገራ የማይቋጠርለትንም በዚሁ አይተውታል። ፋታ የማይሰጣት ከሆነ ወቅቱ ሲገባ ታጥባ፣ ንጹሕ ጨርቅ አስራ፣ ዉዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፤ በመሐል ቢያመልጣትም ሶላቷ አይበላሽም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያመልጣት ግን ፋታ ባገኘችበት ሰዓት ትሰግዳለች። ዝርዝሩን አሊም ትጠይቅ።

ወደ ሕመሙ እንምጣ። አንዱ ምክንያት ወሊድ ነው። ፊንጢጣን የሚዘጋው ጡንቻ በምጥ ተቀዶ ችግሩ ከዓመታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ምጥ ለቀናት ሲራዘም ደግሞ በሴት ብልትና በአንጀት መካከል ቀዳዳ ሊፈጠር ይችላል፤ ይህ ፊስቱላ ነው፣ የሚድነውም በቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ይህንን በነፃ ያክማል። ስኳርና ስትሮክም ነርቭ ይጎዳሉ። በአዛውንቶች ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ድርቀት ነው፤ የደረቀው ሰገራ መንገዱን ዘግቶ ቀጭኑ በጎኑ ያመልጣል። ቤተሰብ ተቅማጥ መስሎት የተቅማጥ ማቆሚያ ሲሰጥ ይባስ ይደርቃል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ጤና ጣቢያ ወይም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መታየት ይቀድማል።

በቤትስ? ምግብ መቀነስ አቅም ያሳጣል እንጂ አይፈውስም። ከቁርስ በኋላ አንጀት ስለሚነቃ በዚያ ሰዓት ሳይቸኩሉ መፀዳዳት ይለመድ። ቡና ሰገራዋን የሚያቀጥንባት ከሆነ ትቀንስ (ለሸዋ ሰው ከባድ ምክር መሆኑን እናውቃለን)። አየር እንደሚይዝ ሰው ፊንጢጣን ለጥቂት ሰከንድ ጨብጦ መልቀቅ፣ በቀን ደጋግሞ ለወራት ከተሠራ፣ የላላውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ፊስቱላን ግን አይደፍንም። ኢስቲንጃን በውሃ መልመዳችን እዚህ ይጠቅመናል። ከታጠቡ በኋላ ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት ቆዳው እንዳይላጥ ያደርጋል።

ደም ከታየ፣ ሰውነት ያለምክንያት ከከሳ ወይም ችግሩ ከእግር መዛልና ከመቀመጫ መደንዘዝ ጋር በድንገት ከመጣ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያኑ ቀን ሆስፒታል አድርሷት።